ኋላው የተኛ መኪና፦ ስለ ሞላና ባሌስትራ ቅየራ አጠቃላይ ዳሰሳ

ለኮረኮንች መንገድ ተብሎ ከፍ የተደረገ መኪና ዓመታት ሲያልፉት ኋላው እየተኛ፣ አፍንጫው እየቀና ይመጣል። ማታ መብራቱ መንገዱን ትቶ የመጪውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። ጉድጓድ ሲገባ አክስሉ ከሻንሲው ጋር ይጋጫል። መሪው ይቀላል፣ ፍጥነት ሲጨመርም መኪናው አልረጋ ይላል። በዚህ ጊዜ ባለመኪናው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ምን ያህል ከፍ የሚያደርግ ሞላ ልግዛ?» ብሎ ነው። እኔ ግን ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ ይመስለኛል። ሞላም ሆነ ባሌስትራ መመረጥ ያለበት በሚሸከመው ክብደት ነው፤ ከፍታው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ይህን የዘለለ ሰው አዲስ ሞላ አስገብቶ ብዙም ሳይቆይ ያው ችግር ይመለስበታል፤ አለዚያም ባዶውን ሲነዳ ወገብ የሚሰብር ድርቅ ያለ መኪና ይዞ ይቀራል።

የከባድ መንገድ መኪኖች ለረጅም ዘመን ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ ላይ የቆሙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ላንድሮቨር እንዲህ ነበር። በ1970 የመጣው ሬንጅሮቨር ግን አራቱንም ጎማ በጥምዝ ሞላ ላይ አቆመ። ሞላው ረጅምና ለስላሳ ስለነበር መሐንዲሶቹ ጭነት ሲበዛ ኋላው እንዳይተኛ ብለው ከኋላ አክስል ላይ ከፍታውን በራሱ የሚያስተካክል ደጋፊ ጨመሩበት። ምቾት ያለው ለስላሳ ሞላ ጭነት ሲመጣ እንደሚወርድ ያኔም በደንብ ይታወቅ ነበር ማለት ነው። የኒሳን ፓትሮል በ1987፣ የቶዮታ ላንድክሩዘር 80 በ1990 ወደ ጥምዝ ሞላ ዞሩ። በ1984 የተጀመረው የላንድክሩዘር 70 ቤተሰብ ግን በአብዛኛው ጸንቶ ቆየ፤ በ1999 የፊቱ ወደ ሞላ ሲቀየር ጭነት ተሸካሚዎቹ የኋላ ባሌስትራቸውን አልለቀቁም። በአገራችን ሃርድቶፕ የምንለው፣ አምቡላንስ ሆኖ የሚያገለግለው፣ የእርዳታ ድርጅቶችን ሠራተኞች የሚያመላልሰው፣ ቱሪስት ይዞ ወደ ኦሞና ወደ ዳናኪል የሚወርደው መኪና ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ፕራዶ፣ ላንድክሩዘር 80 እና ፓትሮል ያለው ሰው ከኋላ የሚገጥመው ሞላ ነው፤ ሃርድቶፕ፣ ሃይሉክስ ወይም ከአብዛኞቹ ሌሎች ፒክአፖች አንዱ ያለው ደግሞ ባሌስትራ። ሁለቱ የሚበላሹበትም የሚቀየሩበትም መንገድ ይለያያል።

ብዙ ሰው ሞላ ሲያረጅ ይለሰልሳል ብሎ ያምናል። ብረቱ ግን በዕድሜ አይለሰልስም፤ ያው ክብደት ሲያርፍበት ድሮ የሚታጠፈውን ያህል ዛሬም ይታጠፋል። የሚለወጠው ቁመቱ ነው። ሞላ ከባድ ጭነት ተሸክሞ ሲቆይና በየጉድጓዱ እስከ ጥግ ሲጨመቅ ብረቱ በጥቂት በጥቂቱ የታጠፈበትን ቅርጽ ይይዛል፤ ሲለቀቅም ወደ ቀድሞ ቁመቱ አይመለስም። ቁመቱ ሲያጥር መኪናው ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ ከአክስሉ በላይ ያለው ክፍተት ይጠባል፤ ትንሽ ጉድጓድ እንኳ አክስሉን ከሻንሲው የላስቲክ ማቆሚያ ጋር ያጋጫል። ለዚህ ነው የተኛ ሞላ ያለው መኪና «ደረቅ» የሚመስለው፦ የሚመታን ሞላው ሳይሆን ማቆሚያው ነው። ጥሩ አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ ሞላውን ገና ፋብሪካ ውስጥ ሳለ እስከ ጥግ ጨምቀው የመጀመሪያውን እጥረት እዚያው ያስጨርሱታል። ገጹንም በጥቃቅን የብረት ፍንጣሪ ይደበድቡታል፤ ይህም ስንጥቅ እንዳይጀምር ይከላከላል። ርካሹ ሞላ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይህ የማይታይ ሥራ ነው።

የሞላ ጥንካሬ የሚለካው አንድ ሚሊ ሜትር ለመጨመቅ በሚያስፈልገው ኃይል ነው። ሮበርት ሁክ በ1678 ያሳተመው ሕግ ዛሬም ይሠራል፤ ኃይሉ በእጥፍ ሲጨምር የሚታጠፈውም በእጥፍ ይጨምራል። ጥንካሬው 40 ኒውተን በሚሊ ሜትር የሆነ ጥንድ ሞላ ከኋላ አለ እንበል። አክስሉ ላይ 200 ኪሎ ቢጨመር ለያንዳንዱ 100 ኪሎ ይደርሰዋል፤ መኪናውም ወደ 25 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ጥንካሬው 50 ቢሆን የሚወርደው 20 ብቻ ነው። የጥምዝ ሞላ ሽቦ ውፍረት በጥንካሬው ላይ ያለው ተጽዕኖ ግን ያስደነግጣል፤ ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ ሽቦው በ10 በመቶ ቢወፍር ሞላው በ46 በመቶ ይጠነክራል። በባሌስትራም አንዱ ዝርግ ብረት በ10 በመቶ ቢወፍር የዚያ ብረት ጥንካሬ በ33 በመቶ ያድጋል። «ትንሽ ወፈር ያለ ነው» ተብሎ የሚሸጥ ሞላ ፈጽሞ ሌላ ሞላ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ክብደቱን እንይ። ከፍ የተደረገ መኪና ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ እንደወጣ አይቀርም። ፖርቶመጋላ ይጨመርበታል፤ ተጨማሪ ሙሉ ጎማ ከነቸርኬው በኋላው በር ላይ ይሰቀላል፤ ትልቅ የነዳጅ ታንከር ይገባለታል። 180 ሊትር ናፍጣ ብቻውን ወደ 150 ኪሎ ይመዝናል። አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ 100 ኪሎ ነው። እነዚህ ከመኪናው የማይወርዱ ከሆነ ጭነት መባላቸው ቀርቶ የመኪናው ክብደት ሆነዋል። ጭነቱ የሚቀመጥበት ቦታም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የላንድክሩዘር 78 የፊትና የኋላ አክስል ርቀት 2.98 ሜትር ነው። ከኋላ አክስል 1 ሜትር ወደ ኋላ 100 ኪሎ ቢንጠለጠል በኋላ አክስል ላይ የሚያርፈው 134 ኪሎ ይሆናል፤ ከፊት አክስል ደግሞ 34 ኪሎ ይነሳል። መሪው የሚቀለው በዚህ ምክንያት ነው። ከጎማ ኋላ የተሰቀለ ነገር ሁሉ ከሚዛኑ በላይ ይከብዳል።

ስለዚህ የሚሻለው መንገድ መኪናውን ለጉዞ እንደሚጫነው ጭኖ ወደ ምድር ሚዛን ወስዶ የኋላውን አክስል ለብቻው ማስመዘን ነው። የታወቁት የአውስትራሊያ አምራቾች፣ ለምሳሌ ኤአርቢ የሚያቀርበው ኦልድ ማን ኢሙ፣ ለአንድ መኪና ብቻ የተለያዩ የኋላ ሞላዎች የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ ባዶውን ለሚሄድ፣ ሌላው ሁልጊዜ ጭነት ለሚይዝ፣ ሌላው ለከባድ ጭነት። ሁሉም መኪናውን በተመሳሳይ ከፍታ ላይ ሊያቆሙት ይችላሉ፤ ልዩነታቸው በየትኛው ክብደት ሥር መሆኑ ላይ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከተማ ውስጥ ባዶውን የሚነዳ፣ በዓመት ሁለቴ ብቻ ጭኖ የሚወጣ ሰው የከባዱን ሞላ ባይገዛ እመክረዋለሁ። ለእሱ መካከለኛ ሞላና በጥምዙ ውስጥ የሚገባ የአየር ከረጢት ይሻለዋል፤ ሲጭን ይነፋዋል፣ ሲያራግፍ ያስተነፍሰዋል። ከረጢቱ ግን ለተኛ ሞላ መድኃኒት አይደለም፤ የሞተውን ሞላ ሥራ ለከረጢት መስጠት ከረጢቱን ያፈነዳል።

ስፔሰር የሚባለው ከሞላው በላይ ወይም በታች የሚገባ ወፍራም ቀለበት ደግሞ ቁመት ይሰጣል እንጂ ጥንካሬ አይጨምርም። ባሌስትራ ላይ አንድ ብረት መጨመር በአገራችን በጣም የተለመደ ነው፤ ከጭነት አይሱዙ እስከ ፒክአፕ የሚሠራበት ዘዴ ነው። ነባሮቹ ብረቶች ደህና ከሆኑና የተጨመረው ከእነሱ ቅስት ጋር የሚሄድ ከሆነ ይሠራል። ነባሮቹ ከተኙ ግን አዲሱ ብረት ብቻውን ጭነቱን ይሸከምና መሐል ቡሎኑ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ይሰነጠቃል። የተኛውን ባሌስትራ አውጥቶ ቀጥቅጦ ቅስቱን መመለስም አለ። ልምድ ያለው ባለሙያ በቀዝቃዛው ሲቀጠቅጠው ለጊዜው ያገለግላል፤ በእሳት አግሎ የሚመልሰው ግን እንደገና በትክክል ካላጠነከረው በስተቀር የብረቱን ባሕርይ ያጠፋዋል። ባሌስትራ ላይ ብየዳ ማሳረፍም እንዲሁ ነው። የተጣለ ባሌስትራ ለማረሻና ለቢላ ተመራጭ የሆነው ባለሙያው አግሎ እንደፈለገ ቀርጾ መልሶ ሊያጠነክረው ስለሚችል ነው፤ ያው ባሕርይ ግን መኪና ላይ እንዳለ እሳት ሲነካው ጠላቱ ይሆናል። ከሶማሌ ተራ ዓይነት የአሮጌ መለዋወጫ ገበያ ከሌላ መኪና የወለቀ ሞላ የሚገዛም ማስታወስ ያለበት ነገር አለ፦ ሞላው ለምን እንደወለቀ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። በጥንድ ያልተገኘ፣ ቁመቱ ከጓደኛው ጋር ያልተካከለ አይገዛ።

ከመግዛት በፊት ግን መኪናው በእርግጥ ሞላው ተኝቶ እንደሆነ ማረጋገጥ ይገባል። ልኬቱ ቀላል ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ከጎማው መሐል ነጥብ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ በሜትር ይለካል። ከመሬት መለካት የጎማውን መጠንና ንፋስ ስለሚቀላቅል ያሳስታል። አንዱ ጎን ብቻ ከወረደ ቀድሞ የሚጠረጠረው የተሰበረ የሞላ ጫፍ፣ የተሰነጠቀ ባሌስትራ ወይም የተበላ ቦኮላ ነው። ሾክ አብዞርበር ቀይሮ መኪናው ከፍ ይላል ብሎ የሚጠብቅ አለ። ሾክ አብዞርበር ንዝረት ያስቆማል እንጂ መኪና አይሸከምም።

የጥምዝ ሞላ ቅየራ በላንድክሩዘር 80ም ሆነ በፕራዶ ኋላ ላይ ልዩ መጭመቂያ አይፈልግም። የፊት ጎማዎች በታኮ ይያዛሉ፤ ኋላው በክሪክ ይነሳና ሻንሲው በጠንካራ መደገፊያ ላይ ይቀመጣል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ከዚያ አክስሉን ሌላ ክሪክ ይዞት ሾክ አብዞርበሮቹ ከታች ይፈታሉ፤ አክስሉን በጎን የሚይዘው ዘንግና የማመጣጠኛው ብረት ማያያዣም ይፈታሉ። አክስሉ ቀስ እየተባለ ሲወርድ ሞላው ይላላና በእጅ ይወጣል። እዚህ ላይ ዓይን የማይነሳበት ነገር የፍሬኑ ጎማ ቱቦ ነው፤ አክስሉ በእሱ ላይ ከተንጠለጠለ ዛሬ ባይበጠስ ውስጡ ተጎድቶ ነገ ይከዳል። አዲሱ ሞላ ሲገባ ጫፉ በመቀመጫው ላይ በተሠራለት ቦታ መግጠም አለበት፤ ከሞላው በላይ ያለው የላስቲክ መቀመጫም አብሮ ይቀየር። አንዳንድ አምራች ለግራና ለቀኝ የተለያየ ቁመት ስለሚሠራ ምልክቱን ሳያዩ መግጠም መኪናውን ያዘነብለዋል።

ባሌስትራ ደግሞ ጉልበት ይጠይቃል። አክስሉን አቅፈው የሚይዙት የዩ ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች ዝገው ስለሚይዙ ብዙ ጊዜ ተቆርጠው ነው የሚወጡት፤ ቢወጡም አንዴ ተስበው ጠብቀዋልና በአዲስ መተካት አለባቸው። መሐል ቡሎኑ አክስሉ ላይ ካለው ቀዳዳ ካልገባ አክስሉ ጠማማ ሆኖ ይታሰርና መኪናው ወደ ጎን እየሄደ ጎማ ይበላል። በሁለቱም ዓይነት ሥራ ላይ ጎማ ቦኮላ ያለው ቡሎን ሁሉ መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው በጎማው ላይ ወርዶ ክብደቱን ካሳረፈ በኋላ ነው። በአየር ላይ እንዳለ ከጠበቀ ቦኮላው ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይበጣጠሳል። የዩ ቡሎኖቹ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይጠበቁ፤ አዲሶቹ ብረቶች እርስ በርስ ሲቀመጡ ቡሎኑ ይላላልና።

ከፍታ የጨመረ መኪና ሌላም ለውጥ ይዞ ይመጣል። አክስሉን በጎን የሚይዘው ዘንግ ማዕዘኑ ስለሚለወጥ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። ኃይል ወደ ዲፈረንሻል የሚያደርሰው ዘንግ ቁልቁለቱ ሲበዛ ክሮቼራው ይንቀጠቀጣል። አሮጌው ሾክ አብዞርበር ለአዲሱ ቁመት ካጠረ አክስሉን አንጠልጥሎ የሚይዘው እሱ ይሆንና ይነቀላል። የፊት መብራትም እንደገና ይስተካከል።

ከሁሉም በላይ የሚረሳው ግን ብዙ የቶዮታ መኪኖች ሻንሲ ላይ ያለው፣ በቀጭን ዘንግ ከኋላ አክስል ጋር የተያያዘው የፍሬን ቫልቭ ነው። ሥራው ኋላው ምን ያህል እንደወረደ እያየ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት መመጠን ነው፤ ባዶ ሲሆን ይቀንሳል፣ ሲጫን ይጨምራል። መኪናው በአዲስ ሞላ 50 ሚሊ ሜትር ከፍ ካለ ቫልቩ ሁልጊዜ ባዶ ነው ብሎ ያምናል፤ ሙሉ ጭነት ይዞ ቁልቁለት ሲወርድም የኋላውን ፍሬን ይቆጥባል። የዘንጉን ማያያዣ በዚያው ልክ ማስተካከል የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ይህን ቫልቭ ሳያይ መኪና የሚያስረክብ ጋራዥ ሞላውን ቢቀይርም ሥራውን አልጨረሰም፤ ባለመኪናውም ቁልፉን ከመቀበሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ስለዚሁ ነው።