አዲሱ ኩላሊት ሥራ እስኪጀምር

በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ማዕከሉን ሲከፍት፣ ለጋሾቹ በሕይወት ያሉ የቅርብ ዘመዶች ነበሩ። ስለ ቀዶ ሐኪሞቹ ጥበብና ስለ ለጋሾቹ ደግነት ብዙ ተብሏል። ከታካሚው ራስጌ የማይለየው የአንስቴዢያ (ሰመመን ሰጪ) ባለሙያ ግን እምብዛም አይነሣም። ማስተኛት የሥራው መጀመሪያ ብቻ ነው፤ የደከመውን ኩላሊት ድርሻ ለሰዓታት ተሸክሞ ለአዲሱ የሚያስረክበው እሱ ነው።

ዝግጅቱ ከዋዜማው ይጀምራል። ታካሚው ለመጨረሻ ጊዜ የኩላሊት እጥበት ያደረገው መቼ እንደሆነ፣ ሽንት ይወጣው እንደሆነ ይጠየቃል። ልቡ ይመረመራል፤ የኩላሊት ሕመምተኞችን በብዛት የሚቀጥፈው የልብና የደም ሥር በሽታ ነውና። በደሙ ያለው ፖታሲየምም ይለካል። ጤናማ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያስወግዳል፤ በደከመ ኩላሊት ግን እየተጠራቀመ ልብን እስከ ማቆም ይደርሳል። መጠኑ ከፍ ካለ ታካሚው መጀመሪያ ወደ እጥበት ይመለሳል።

ለእጥበት ፊስቱላ (የደም ወሳጅና የደም መላሽ ሥሮች መገናኛ) የተሠራበት ክንድ የተለየ ጥንቃቄ አለው። የደም ግፊት መለኪያ አይታሰርበትም፣ መርፌ አይወጋበትም። ቀዶ ሕክምናው እየተካሄደ እንዳይጫን ይደገፋል፤ በየመሐሉም የፊስቱላው ንዝረት በጣት ይዳሰሳል። አዲሱ ኩላሊት ሥራ ለመጀመር ከዘገየ እጥበቱ የሚቀጥለው በዚያው ክንድ ነው።

መድኃኒት ሲመረጥ የሚቀድመው ጥያቄ «ከሰውነት የሚወጣው በየት በኩል ነው?» የሚል ነው። ሞርፊን ጉበት ውስጥ ከተለወጠ በኋላ ቅሪቱ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ፣ ሲጠራቀም የታካሚውን ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል፤ ፌንታኒል በዚህ ይሻላል። ጡንቻን ለማዝናናት አትራኩሪየም ወይም ሲስአትራኩሪየም ይመረጣሉ፤ በአብዛኛው ደም ውስጥ ራሳቸው ስለሚፈራርሱ ኩላሊትን አይጠብቁም። ሳክሲኒልኮሊን ደግሞ ፖታሲየም ስለሚጨምር፣ ፖታሲየሙ አስቀድሞ ከፍ ላለ ታካሚ አይሰጥም።

አዲሱ ኩላሊት የሚቀመጠው በሆድ ታችኛው ክፍል፣ ዳሌ አጥንት አጠገብ ነው፤ የቀድሞዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ባሉበት ይተዋሉ። የደም ሥሮቹ ተሰፍተው መቆንጠጫው ሲለቀቅ የገረጣው ኩላሊት ሮዝ እየሆነ ይሞላል። በዚህ ቅጽበት የታካሚው ግፊት ከወረደ ኩላሊቱ በቂ ደም አያገኝም። ስለዚህ ባለሙያው ቀደም ብሎ በፈሳሽ፣ ካስፈለገም በመድኃኒት ግፊቱን ደግፎ ይጠብቃል። ፈሳሹ ከበዛ ደግሞ ሳንባ ውስጥ ይቋጠራል፤ ልኩን ማግኘት ልምድና ንቁ ዓይን ይጠይቃል። ሰውነት አዲሱን አካል እንዳይገፋው የሚሰጠው ስቴሮይድም በእሱ እጅ ይገባል። ከሕያው ለጋሽ የተወሰደ ኩላሊት ብዙ ጊዜ ታካሚው ከጠረጴዛው ሳይነሣ ሽንት ማውጣት ይጀምራል።

ለጋሹም የራሱ ሰመመን ሰጪ አለው። ይህ ሰው ሳይታመም ለዘመዱ ሲል ራሱን ለቢላ የሰጠ ነውና፣ ሕመሙን ማስታገስና በሰላም ማንቃት ከባድ አደራ ነው። ኩላሊቱ ያለ ደም የሚቆይበት ጊዜ እንዲያጥርም የለጋሹና የተቀባዩ ቀዶ ሕክምና ክፍሎች ቡድኖች እየተነጋገሩ ይሠራሉ።

ንቅለ ተከላ በየክልሉ እንዲስፋፋ የምንመኝ ሁሉ ከቀዶ ሐኪም ጋር ሌላም መቁጠር አለብን፦ የሠለጠነ ሰመመን ሰጪ፣ በቂ መድኃኒት፣ ፖታሲየምን በሌሊትም ለክቶ ወዲያው የሚያሳውቅ ላቦራቶሪ። አንዱ ከጎደለ የዘመድ ስጦታ በከንቱ ሊቀር ይችላል።