የጥምቀት ዘመዶች

ለአስጎብኚ ጥር የጥያቄ ወር ነው። ከስፔን ወይም ከፖላንድ የመጣ እንግዳ ጃንሜዳ ወይም ጎንደር በአፄ ፋሲል መዋኛ ዳር ቆሞ፣ ይህ በዓል እሱ አገር ጃንዋሪ 6 ከሚከበረው ኤጲፋንያ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ሲጠይቅ፣ በሙያችን የተለመደው መልስ አጭር ነው፤ የእናንተ የሰብአ ሰገል ነው፣ የእኛ የጌታ ጥምቀት፣ ቀኑም ለየብቻ። ይህ መልስ እንግዳውን ዝም ያሰኘው ይሆናል እንጂ አያስረዳውም። እነዚህ በዓላት ባዕዳን አይደሉም፤ ወንድማማቾች ርስት ሲካፈሉ እንደሚሆነው፣ አንድ የነበረ ሰፊ በዓል ተከፋፍሎ ለየቤቱ የደረሱ ድርሻዎች ናቸው።

የታሪኩ ማስረጃ ወደኋላ ይርቃል (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ200 ገደማ የጻፈው የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ፣ የግኖስቲኩ መምህር የባሲሊደስ ተከታዮች የጌታን ጥምቀት ከእኛ ጥር ጋር አንድ በሆነው በግብፃውያን ጦቢ ወር፣ አንዳንዶቹ በ15 ሌሎቹ በ11 ያከብሩ እንደነበር መዝግቧል። በአራተኛው መቶ ዓመት በምሥራቅ በብዙ ቦታ ልደቱም ጥምቀቱም ጃንዋሪ 6 ይከበሩ ነበር። በሮም የተለመደው የዲሴምበር 25 ልደት ወደ ምሥራቅ የዘለቀው ዘግይቶ ነው፤ ዮሐንስ አፈወርቅ በ386 ገደማ በአንጾኪያ ሲሰብክ፣ በዓሉ በአካባቢው ከታወቀ ገና አሥር ዓመት እንዳልሞላው ተናግሯል። ልደት በዚህ መንገድ ሲለይ ጥምቀት በቦታው ቀረ፤ ምዕራቡ ደግሞ ጃንዋሪ 6ን ለሰብአ ሰገል ሰጠ። ክፍፍሉን ያልተቀበለችው የአርመን ቤተ ክርስቲያን ናት። እስከ ዛሬ ልደትና ጥምቀትን በአንድ ቀን ታከብራለች፤ በዕለቱ መስቀል በውኃ ውስጥ ይነከራል፣ ሜሮን ይፈስበታል፣ ለመስቀሉ እንደ ክርስትና አባት የተመረጠ ምእመንም ከካህኑ እጅ ይቀበለዋል። የጥንቱን በዓል በሕይወት ማየት የፈለገ ወደዚያ ይመልከት።

የቀኑ ልዩነት ከእምነት የመጣ አይደለም። ጥር 11 በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ራሱ ጃንዋሪ 6 ነው፤ በ1582 የታወጀው የጎርጎርዮስ ማሻሻያ ያመጣው፣ አሁን 13 ቀን የሆነው ልዩነት ነው ጃንዋሪ 19 ላይ ያዋለው። ሩስያውያንና በኢየሩሳሌም ያሉ አርመኖችም በዚያው ቀን ያከብራሉ። ከእኛ ጳጉሜን 6 በኋላ ባለው ጥር ብቻ በዓላችን ወደ ጃንዋሪ 20 ይሸሻል።

«ምዕራባውያን ጥምቀቱን ረስተው ነገሥታቱን፣ ሰብአ ሰገልን፣ ብቻ ይዘዋል» የሚል መቃወሚያ ይነሣል። አደባባዩን ላየ እውነት ይመስላል። በስፔን ጃንዋሪ 5 ማምሻውን የሦስቱ ነገሥታት ሰልፍ ይወጣል፣ ልጆች ስጦታ ይጠብቃሉ፤ በፖላንድ የየቤቱ በር ላይ በጠመኔ ምልክት ይጻፋል፤ ኮሎኝም የሰብአ ሰገል ነው የሚባለውን አፅም ከ1164 ጀምሮ በክብር ይዛለች። የጸሎት መጽሐፋቸው ግን ሌላ ይናገራል። የሮማ ቤተ ክርስቲያን በኤጲፋንያ የማታ ጸሎቷ ኮከቡን፣ የቃናውን ወይንና የዮርዳኖስን ጥምቀት በአንድነት ታወሳለች። እኛም ብንሆን ሦስቱንም አልጣልንም። ሰብአ ሰገልን በልደት እናስባለን፤ ቃና ዘገሊላን ደግሞ በጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12፣ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ሲመለስ። ሊቃውንቱ እንደሚያስተምሩት የቃናው ተአምር የተፈጸመው የካቲት 23 ነው፤ አባቶች ወደ ጥር 12 ያመጡት የውኃን በዓል ከውኃ በዓል ጋር ለማያያዝ ነው። ይህ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ ነው፤ የኢትዮጵያና የሮማ አባቶች ሳይመካከሩ ዮርዳኖስንና ቃናን ጎን ለጎን አኑረዋልና።

ከባዱ መቃወሚያ ግን ከራሳችን ወገን የሚመጣው ነው፤ ዝምድናውን ማጉላት በ2019 በዩኔስኮ የተመዘገበውን የጥምቀታችንን ልዩነት ያደበዝዛል ይባላል። ስጋቱ የበዓሉ ፍቅር የወለደው ስለሆነ አላቃልለውም። ነገር ግን በዓሉን በውኃው ብቻ ልዩ ነው ብለን የምናስጎበኝ ከሆነ ስተናል። አፈወርቅ በ387 ስለ ጥምቀት በሰበከው ስብከቱ፣ ሰዎች በዚያች እኩለ ሌሊት ውኃ ቀድተው ወደ ቤታቸው እንደሚወስዱና ዓመት ሙሉ እንደሚያስቀምጡ ይናገራል። የዐረብ ታሪክ ጸሐፊው አል መስዑዲ በ942 በግብፅ ፉስጣጥ ላይ ያየው የጥምቀት ሌሊት በችቦ የደመቀ፣ በናይል ዳር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በብዛት የወጣበት ነበር። ዛሬ በግሪክ በፒሬየስ ወደብ መስቀል ባሕር ውስጥ ይጣልና ዋናተኞች ዘለው ያወጡታል፤ ሩስያውያንም በረዶውን በመስቀል ቅርጽ ቀደው ሦስት ጊዜ ይጠልቁበታል። በእነዚህ አገሮች ወደ ውኃው የሚወርደው መስቀሉ ነው። በእኛ ዘንድ ታቦቱ ራሱ በከተራ ዕለት ከመቅደሱ ይወጣል፤ በካህኑ ራስ ላይ፣ በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ፣ ሕዝቡን አስከትሎ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ይወርዳል፤ በድንኳን ያድራል፣ ሌሊቱን ቅዳሴ ይቀደሳል፣ ውኃው ከተባረከና ሕዝቡ ከተረጨ በኋላ በዝማሬና በእልልታ ወደ ደብሩ ይመለሳል። ስለ ልዩነታችን ስናስረዳ መጀመር ያለብን ከዚህ ከታቦቱ ጉዞ ነው።