መድረክ ፍለጋ ደጅ የሚጠኑ የቴአትር ክበባት እና የትምህርት ቤቶች ድርሻ

በወረዳ ከተሞች የቴአትር ክበብ ለማቋቋም ተዋናይ አይጠፋም፤ ተውኔት የሚጽፍ መምህር ወይም ተማሪም ይገኛል። አስቸጋሪው ነገር ልምምድ የሚደረግበትና ሥራው ለሕዝብ የሚቀርብበት ቦታ ነው። ቦታ ያጣ ክበብ ደግሞ ውሎ አድሮ ይበተናል።

በከተሞቹ የሚገኘው ሰፊ ቤት ብዙውን ጊዜ የማዘጋጃ ቤት ወይም የቀበሌ አዳራሽ ነው። አዳራሹ ቅድሚያ የሚሰጠው ለስብሰባና ለሥልጠና በመሆኑ፣ ለወራት የተዘጋጀ ትርዒት ድንገት በተጠራ ስብሰባ ሊሰረዝ ይችላል። ኪራይ ሲጠየቅም ከመግቢያ ዋጋ የሚሰበሰበው ገንዘብ ወጪውን ላይሸፍን ይችላል።

ትምህርት ቤቶች ለቴአትር እንግዳ አይደሉም። የደብረ ኤልያሱ ተወላጅ ዮፍታሔ ንጉሤ እና መላኩ በጎሰው መምህራን ሳሉ ተውኔት እየጻፉ ተማሪዎቻቸውን ያሠለጥኑ ነበር። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከመመሥረቱ አስቀድሞ ተውኔት ይጫወቱ ከነበሩት ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ።

ዛሬም ትምህርት ቤት ቅዳሜና እሑድ ባዶ የሚውል ክፍልና ሰፊ ሜዳ አለው። የሚኒ ሚዲያ ድምፅ ማጉያ ያላቸውም ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ክበባቱ የሚሹት ድጋፍ በዋናነት ገንዘብ ሳይሆን የክፍል ቁልፍ፣ የታወቀ ሰዓት እና ኃላፊነት የሚወስድ አንድ መምህር ነው።

ርእሳነ መምህራን ፈቃድ ለመስጠት የሚያመነቱት ያለ ምክንያት አይደለም። ወንበር ቢሰበር ወይም ንብረት ቢጠፋ ተጠያቂዎቹ እነርሱ ናቸው። መፍትሔው የቃል ልመና ሳይሆን የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት የሚያውቀው የጽሑፍ ስምምነት ነው። ቁልፉን ማን እንደሚይዝ፣ የተሰበረውን ማን እንደሚተካ፣ ግቢውን ማን እንደሚያጸዳ እና በፈተና ወቅት ልምምድ እንደሚቆም በግልጽ ሊሰፍር ይገባል። ክበቡም በምላሹ የተማሪዎችን የድራማ ክበብ ማሠልጠንና በወላጆች ቀን ትርዒት ማቅረብ ይችላል።

የጊዜ ምርጫም ወሳኝ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ አርሶ አደሩ በአጨዳና በውቂያ ስለሚጠመድ ተመልካች ማግኘት ይከብዳል። ጥርና የካቲት ግን ምርቱ ጎተራ የሚገባበት፣ ሕዝቡም ለተፋሰስ ሥራ በጋራ የሚወጣበት ወቅት ነው። ትርዒቱ በገበያ ቀን በጠራራ ፀሐይ ሳይሆን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ቢቀርብ፣ መብራት ሳያስፈልግ ገበያተኛው አይቶ ሳይመሽ ቤቱ ይገባል። አዳራሽ በሌለባቸው ቀበሌዎች የአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከል ግቢም ለዚሁ ሊያገለግል ይችላል።

ጉዳዩ የመዝናኛ ብቻ አይደለም። ስለ ወሰን ክርክር ወይም ያለዕድሜ ጋብቻ በስብሰባ ላይ ለመናገር የሚያፍር ሰው፣ የራሱን ጉዳይ በሌላ ሰው ታሪክ መድረክ ላይ ሲያይ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ከጎረቤቱ ጋር ይወያይበታል። ክበቡ ሲበተን አካባቢው የሚያጣው ይህንን ነው።