ከቱቦው ወዲያ ያለው ውሃ የማን ነው?

መቐለን ከዓድዋ የሚያገናኘው መንገድ በ1985 እና በ1986 ዓ.ም. ተሠራ። ጥቂት ዓመታት ቆይተው ቤልጂየማዊው የመልክዓ ምድር ተመራማሪ ያን ኒሰን፣ የመቐለ ዩኒቨርሲቲው ምትኩ ኃይሌና ባልደረቦቻቸው ከመንገዱ 6.5 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ክፍል መርጠው አጠኑት። መንገዱ ራሱ በጎርፍ ያን ያህል አልተጎዳም ነበር። ጉዳቱን ያገኙት ከመንገዱ በታች ነው። መንገዱ ከተሠራ ወዲህ ልክ ከግርጌው 9 አዳዲስ ቦረቦሮች ተፈጥረዋል፤ ከ100 እስከ 500 ሜትር ዝቅ ብሎ ደግሞ ሌሎች 7። ከመንገዱ ቱቦዎችና ማፋሰሻዎች በአብዛኞቹ መውጫ ላይ መሬቱ ተቦርብሯል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። መንገድ ከሌለ በተዳፋት ላይ የወረደ ዝናብ በየማሳውና በየእርከኑ ተበታትኖ ይወርዳል። መንገድ ሲመጣ ግን የላይኛው ቦይ ውሃውን ይሰበስብና ወደ አንድ ቱቦ አፍ ይወስደዋል። አንዳንዴም ከአንዱ ተፋሰስ አንሥቶ ወደ ሌላው ያሻግረዋል። እርከኑ ለዓመታት የራሱን ማሳ ውሃ ችሎ የኖረ ገበሬ፣ በአንድ ክረምት የጎረቤት ኮረብታውን ጎርፍ ይቀበላል።

በየዓመቱ ሐምሌና ነሐሴ ላይ መንገድ ሲቆረጥ የሚነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ቱቦው ለምን ጠበበ? ለምን ተሰበረ? ኮንክሪት ይሻል ነበር ወይስ ብረት? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ መልስም አላቸው። ሆኖም ሁሉም መንገዱ ላይ ቆመው የሚጠየቁ ናቸው። ከመውጫው በታች ካለው ማሳ ላይ ቆሞ የሚጠይቅ ሰው ድምፁ እምብዛም አይሰማም።

ነገሩ ዛሬ የጀመረ አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን በተሠሩት መንገዶች ላይ ውሃ የሚያሳልፉት በጥርብ ድንጋይ የተገነቡ ቅስቶች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ እስከ ቅርብ ጊዜ አገልግለዋል። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም ዋና ሥራው ከጦርነቱ የተረፈውን መንገድ መጠገን ነበር። ትልቁ ለውጥ የመጣው የመንገድ ዘርፍ ልማት መርሐ ግብር ከተጀመረ በኋላ ነው። በ1989 ዓ.ም. 26 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው የአገሪቱ መንገድ በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር አለፈ። ከዚህ ብዙው በ2003 ዓ.ም. የተጀመረውና እያንዳንዱን ቀበሌ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት የታሰበው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ውጤት ነው። ታማሚን በቃሬዛ ተሸክሞ ለሰዓታት ለሚጓዝ ገጠር ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል፣ የመንገዱ ርዝመት በጨመረ ቁጥር ውሃ የሚሰበስቡ ቦዮችና የሚተፉ ቱቦዎችም አብረው በዝተዋል።

ስለ ቱቦው ስፋት ስናነሣ ከቁጥሩ ማምለጥ አይቻልም። 60 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው ቱቦ በ90 ቢተካ ጭማሪው ግማሽ ያህል ብቻ ይመስላል። ሁለቱ በአንድ ዓይነት ቁልቁለት ሞልተው ሲፈስሱ ግን ባለ 90ው የሚያሳልፈው ውሃ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ከዚያም በላይ፣ 90 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ሰው ጎንበስ ብሎ ገብቶ ደለልና ቅርንጫፍ ማውጣት ይችላል፤ 60ው አንዴ ከተደፈነ ከሁለቱም አፍ በረጅም እንጨት ከመጎርጎር በቀር መላ የለውም። በዋና መንገዶች ላይ መንገድ አቋርጠው የሚያልፉ ቱቦዎች ከ90 ሳንቲ ሜትር እንዳያንሱ የሚመከረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስፋቱ የሚሰላበት የጎርፍ መጠንም ብዙ ጊዜ በስሕተት ይተረጎማል። አንድ መሐንዲስ «የ25 ዓመት ጎርፍ» ሲል በ25 ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ማለቱ አይደለም። በየትኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ ከመቶ አራት ነው ማለቱ ነው። ቱቦው 25 ዓመት ቢያገለግል በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አንዴ ከዓቅሙ በላይ ውሃ የመቀበል ዕድሉ 64 በመቶ ይሆናል። በሌላ አባባል፣ በትክክል የተሰላ ቱቦም ዕድሜው ሳያልቅ አንድ ቀን ሊሸነፍ እንደሚችል ታውቆ ነው የሚሠራው። የዚያን ቀን ውሃው በየት በኩል ይለፍ የሚለው አብሮ ሊታሰብ ይገባል። አነስተኛ ትራፊክ ባላቸው የገጠር መንገዶች ላይ ከጠባብ ቱቦ ይልቅ ውሃው ከላይ የሚሻገርበት በድንጋይ ወይም በኮንክሪት የተነጠፈ መሻገሪያ የሚመረጠውም ለዚህ ነው፤ ጎርፍ ሲመጣ መኪና ለጥቂት ሰዓት ይቆማል፣ መንገዱ ግን አይቆረጥም።

ወደ ኮንክሪትና ብረት እንምጣ። ግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ 90 የኮንክሪት ቱቦ አንድ ሜትሩ ሰባት ኩንታል ተኩል ያህል ይመዝናል። ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተመሳሳይ የብረት ቱቦ ግን ግማሽ ኩንታል ገደማ ነው። ክሬን በማይደርስበት ቀበሌ ይህ ልዩነት ብዙ ነገር ይወስናል፤ የብረቱን ሰዎች ተሸክመው ያወርዱታል፣ እዚያው በቡሎን ይገጣጥሙታል። እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የተሸበሸበው የብረት ቱቦ በ1896 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ክሮፎርድስቪል በምትባል ከተማ ሲፈለሰፍ ዋናው ጥቅሙ ይኸው ቅለቱ ነበር። ነገር ግን ሽብሽቡ ውሃውን ይይዘዋል። ለስላሳው ኮንክሪት በአንድ ዓይነት ስፋትና ቁልቁለት እጥፍ ያህል ውሃ ያሳልፋል። ብረቱን የሚጠብቀው የዚንክ ልባስም ጎርፍ ይዞት በሚመጣው አሸዋና ጠጠር ከወለሉ ይፋቃል፤ ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ኮንክሪቱ በአገር ውስጥ ሲሚንቶ ይመረታል፣ ብረቱ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? በአብዛኛው የአገራችን ሁኔታ ኮንክሪቱ። ግን ምርጫው ከአሠራሩ አይበልጥም። ሁለቱም ቱቦዎች የሚሞቱት በአብዛኛው በአንድ ዓይነት ጥፋት ነው፤ በዙሪያቸው ያለው ሙሌት በደንብ ሳይጠቀጠቅ ሲቀር።

ሥራው ሲሠራ ቀርቦ ያየ ሰው ይህን ይረዳዋል። ጉድጓዱ ከተቆፈረ በኋላ መደቡ በአሸዋ ወይም በገረጋንቲ ይስተካከላል። ቱቦዎቹ ከታችኛው አፍ ተጀምሮ ወደ ላይ እየተቀጠሉ ይደረደራሉ፤ መጋጠሚያቸው በሲሚንቶ ይመረጋል። ከዚያ ትዕግሥት የሚፈትነው ክፍል ይመጣል። ሙሌቱ በግራም በቀኝም እኩል፣ 15 ሳንቲ ሜትር በሆነ ንብርብር እየተጨመረ በእጅ መጠቅጠቂያ ይመታል። አንዱ ወገን ቀድሞ ከሞላ ቱቦው ይገፋል። ሎደር መጥቶ አፈሩን በአንድ ጊዜ ከደፋው ከላይ የሚታየው የተስተካከለ መንገድ ነው፤ ከጎን ያለው ግን ባዶ ኪስ ነው። በመጀመሪያው ክረምት ውሃ ኪሱን ያገኘዋል፣ በቱቦው ውስጥ ሳይሆን በቱቦው ጎን ይሄዳል፣ አፈሩን ይዞ ይወጣል፤ አስፋልቱ ይሰምጣል። የጥቁር መረሬ አፈር አካባቢ ሲሆን ደግሞ አፈሩ በክረምት እያበጠ በበጋ እየተሰነጠቀ መጋጠሚያዎቹን ይከፍታቸዋል። ስለዚህ እዚያ መረሬውን ቆርጦ አውጥቶ በሌላ አፈር መተካት ያስፈልጋል።

በከተማ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ቱቦው የሚደፈነው ከደለል ይልቅ በፌስታልና በላስቲክ ጠርሙስ፣ በግንባታ ፍርስራሽ፣ አልፎ አልፎም ከየግቢው በሚለቀቅ ፍሳሽ ነው። የማንሆል ክዳኖች ይሰረቃሉ፤ በተከፈተው አፍ ደግሞ ቆሻሻው በቀጥታ ይገባል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስስ ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ማጽደቁ ከቱቦ ጋር የማይገናኝ ቢመስልም፣ በተግባር ከዋለ ከብዙ ማስፋፊያ ሥራ የበለጠ ውሃ ያሳልፋል።

በገጠር ግን ዋናው ጉዳይ ያው መውጫው ነው። እዚህ ላይ ከሰሜን ኢትዮጵያ የመጣ ሌላ ተሞክሮ አለ፤ ይኸኛው ተስፋ የሚሰጥ ነው። የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኔዘርላንድስ ባለሙያዎች ጋር ሆነው ከፍሬወይኒ በሐውዜንና በአብርሃ ወአጽብሓ በኩል ወደ ውቅሮ የሚወስደውን መንገድ መነሻ በማድረግ፣ ከቱቦ የሚወጣውን ውሃ ከማባረር ይልቅ መያዝ እንደሚቻል አሳዩ። ውሃው በቦይ ተመርቶ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ፣ ወደ ኩሬ ወይም ወደ ማሳ ይገባል። ለመንገዱ አፈርና ጠጠር የተወሰደባቸው ጉድጓዶች እንዲሁ ክፍት ከሚቀሩ ውሃ ማቆሪያ ይሆናሉ። በትግራይ፣ ቀጥሎም በአማራ ክልል ይህ ሥራ ከየዓመቱ የተፋሰስ ዘመቻ ጋር ተያይዞ ተሠርቷል። በአካባቢው የጉድጓድ ውሃ ከፍ ማለቱም ተመዝግቧል። ቦረቦር ሊቆፍር ይችል የነበረው ጎርፍ ለመስኖ ውሏል ማለት ነው።

ይህ አሠራር በየመንገዱ እንዳይገባ የሚያግደው ዕውቀት ማጣት አይደለም። እንቅፋቱ የኃላፊነት ወሰን ነው። የመንገድ ባለሥልጣኑ ሥራ በመንገዱ ክልል ያበቃል። የግብርና ጽሕፈት ቤቱ እርከን የሚሠራው ከተራራው ጀምሮ ነው እንጂ ከቱቦው አፍ አይደለም። መንገዱ ለሚያርፍበት መሬት ካሳ ይከፈላል፤ ግምቱ ግን ከግንባታው በፊት ስለሚሠራ ከዓመታት በኋላ በቦረቦር የሚበላው ማሳ አይገባበትም። በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም ገንዘቡ በአብዛኛው ከነዳጅ ላይ እንዲሰበሰብ፣ በዋናነትም ለመንገድ ጥገና እንዲውል ነበር። ከመንገዱ በታች ሁለት መቶ ሜትር ላይ ያለው ቦረቦር መንገዱ የፈጠረው ቢሆንም በስም መንገድ አይደለም።

መፍትሔው ከዲዛይኑና ከውሉ መጀመር አለበት። የቱቦ ቦታ የሚመርጠው መሐንዲስ በበጋ ደረቅ ቦይ አይቶ ከመሄድ ይልቅ፣ በክረምት ከታችኛው ማሳ ባለቤት ጋር አብሮ ይውረድ፤ ውሃው ድሮ በየት ይሄድ እንደነበር የሚያውቀው ገበሬው ነው። አንድ ትልቅ ቱቦ ብዙ ውሃ አንድ ላይ ከሚተፋ ብዙ ቱቦዎች በቅርብ ርቀት ተተክለው ጎርፉን ቢከፋፍሉት ለማሳው ይቀላል። የሥራው የክፍያ ዝርዝርም በቱቦው አፍ ላይ በሚሠሩት ራስ ግድግዳና ክንፍ ግድግዳ አያብቃ፤ መውጫውን በድንጋይ መንጠፍና ውሃውን እስከ ተፈጥሮ ወንዙ ወይም እስከ ኩሬው በቦይ ማድረስ እንደ ኮንክሪቱ ሁሉ በሜትር ተለክቶ የሚከፈልበት ሥራ ሆኖ ይግባ። ተቋራጭ የሚሠራው የሚከፈልበትን ነው። የርክክብ ኮሚቴውም መንገዱን በመኪና ከማየት አልፎ በየቱቦው መውጫ ቁልቁል በእግሩ ይውረድ።