የአሮጌ ማሽን ዕዳ በማን ጫንቃ ላይ ነው?

በማህቡላ የምንኖር ተማሪዎች በቅርቡ ወደ አገር ቤት የሚላኩ አሥራ አንድ ያገለገሉ ላፕቶፖች አሰባስበን ነበር። ገሚሱ ከወገኖቻችን የተለገሰ፣ ገሚሱም ከአል ራይ የዓርብ ገበያ በርካሽ የተገዛ ነው። ዓላማችን ነፃ ሶፍትዌር ጭነን ለአንድ ትምህርት ቤት መላክ ነበር። ሰባቱ ያለ ችግር ተጫነላቸው፤ አራቱ ግን 32 ቢት በመሆናቸው ዴቢያን 13ን አልተቀበሉም። በዚያች ጠባብ ክፍል የተነሣው ክርክር እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ዘለቀ። አንዳንዶቻችን “ለድሃ ቆመናል የሚሉት ከዱን” አልን፤ ሌሎች “ማን ቀለብ ሰፈረላቸውና?” ሲሉ መለሱ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በቅድሚያ ግልጽ መሆን ያለበት፣ ነፃ ሶፍትዌር ማለት ማንም ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ሊያባዛው የሚችል ማለት መሆኑ ነው። ጉልበቱን ግን የከፈለው ሰው አለ። “የአሮጌው ማሽን ድጋፍ እዚያው ቢቀመጥ ማንን ይጎዳል?” የሚለው አስተሳሰብ ይህን ይዘነጋል። ሊኑክስ በ1991 የተጻፈው ለኢንቴል 386 ነበር። ይሁን እንጂ 386 በኋላ የመጡት ፕሮሰሰሮች ያሏቸው አንዳንድ ትእዛዞች የሉትም፤ ከርነሉ ራሱ በሚጽፍበት ጊዜም የማስታወሻ ገጾችን የጽሕፈት ክልከላ አያከብርም። ስለሆነም የጋራ የሆነ ክፍል በተነካ ቁጥር ለ386 ብቻ የሚሆን መሻገሪያ መጻፍ፣ እሱንም መፈተሽ ያስፈልግ ነበር። በ2012 መጨረሻ በኢንጎ ሞልናር አቅራቢነት ድጋፉ ተነሣ። በ2025 ደግሞ እኚሁ ሰው 486ንና የቀድሞዎቹን 586ዎች የሚያሰናብት፣ 14 ሺህ ገደማ መስመር የሚሰርዝ ሐሳብ አቀረቡ።

ዕድሜ ግን ብቻውን ፈራጅ አይሆንም። በአሚጋና በአታሪ ውስጥ የነበረው የሞቶሮላ 68000 ቤተሰብ እስካሁን በሊኑክስ ውስጥ የቆየው፣ ማሽኑን ቤታቸው አስቀምጠው በትርፍ ጊዜያቸው የሚፈትኑትና የሚጠግኑት ጥቂት ሰዎች ስላልጠፉ ነው። በ2001 ለገበያ የቀረበው የኢንቴልና የኤችፒ ኢታኒየም ባለገንዘቦች የተጠቀሙበት ሆኖ ሳለ፣ ጠባቂ በማጣቱ በ2024 መጀመሪያ ከወጣው የ6.7 እትም ተሰርዟል።

ወደ እኛው ጉዳይ እንምጣ። በ2008 ገደማ “አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን” በተባለው ፕሮግራም 5 ሺህ ያህል ኤክስኦ የተባሉ ነጭና አረንጓዴ ትንንሽ ላፕቶፖች ኢትዮጵያ ገብተዋል። ፕሮሰሰራቸው ኤኤምዲ ጂኦድ፣ ማስታወሻቸው 256 ሜጋባይት ነበር። በ2017 ፋየርፎክስ ኤስኤስኢ2 የተባለውን የትእዛዝ ስብስብ ግዴታ ሲያደርግ ጂኦድ ወጣ። በ2023 ዴቢያን 12 ረጅሟን “ኖፕ” ሲጠይቅ እንደገና ወጣ። ኖፕ ማለት ምንም የማትሠራ ትእዛዝ ናት! ምስኪኑ ማሽን ምንም አለመሥራትን በአዲሱ ደንብ ባለማወቁ ተባረረ ማለት ነው። በነሐሴ 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ደግሞ ለ32 ቢት ፒሲዎች ከርነልም መጫኛም የለውም።

እነዚህ ውሳኔዎች ወጪውን ከጠጋኙ ጫንቃ አንሥተው በተጠቃሚው ላይ ጫኑት። የአገራችን መምህር ወይ ቀዳዳው የማይደፈንለትን አሮጌ እትም ይዞ ይቀራል፣ ወይ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ አዲስ ማሽን ይጠብቃል። ከሥራ መልስ ያለ ደመወዝ የሚደክመውን የዴቢያን ፈቃደኛ ግን ባለዕዳ ማድረግ አይገባንም፤ ማሽኑን ሸጦ ያተረፈው እርሱ አይደለም። ከ2014 ወዲህ የዴቢያን የረጅም ጊዜ የደኅንነት ጥገና በፍሬክሲያን በኩል ገንዘብ በሚያዋጡ ድርጅቶች ይደገፋል፤ ድርጅቶቹ የሚከፍሉትም ለሚጠቀሙበት ነው። የገጠር ትምህርት ቤት በዚህ ማዕድ ላይ ወንበር የለውም።

እዚህ ላይ ግለ ሂስ ያስፈልገናል። በ2020 ማህቡላ ለሦስት ወራት ያህል በታጠረች ጊዜ፣ ከመካከላችን እዚያ የነበሩት ከቤተሰብ የተገናኙትና መጽሐፍ ያነበቡት በእነዚሁ ዓይነት ማሽኖች ነበር። ሆኖም አንድ የስህተት ሪፖርት እንኳ ለማንም አልላክንም። ጠጋኙ “የሚጠቀምበት ሰው አለ ወይ?” ብሎ ሲጠይቅ የእኛ ዝምታ “የለም” ተብሎ ተቆጥሯል።

ከአራቱ ማሽኖች ሦስቱን ዴቢያን 12 ጭነን፣ ከመረብ ሳይገናኙ ለጽሕፈትና ለንባብ እንዲያገለግሉ ልከናቸዋል። አራተኛው ማህቡላ ጠረጴዛችን ላይ ነው። ሁለት አባሎቻችን በየወሩ አዳዲስ እትሞችን ሊሞክሩበት ተረክበውታል፤ የመጀመሪያው ሪፖርት ስለ ድምፅ ካርዱ ሲሆን ባለፈው ሳምንት ተልኳል።