ከሁዳዴ በኋላ የሚመጣው ገበታ፦ በፋሲካ ሰሞን ስለሚደረግ የጤና ጥንቃቄ

ለ55 ቀናት ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከቅቤ ተለይቶ የቆየ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ የትንሣኤ ሌሊት ቅዳሴን አስቀድሶ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚጠብቀው ገበታ ከዓመቱ ገበታዎች ሁሉ የከበደው ነው። ዶሮ ወጥ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ክትፎ፣ ቁርጥ፣ ጠላና ጠጅ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተከታትለው ይቀርባሉ። የጤና ባለሙያዎች በየዓመቱ በዓሉ በተቃረበ ቁጥር ጥንቃቄ እንዲደረግ የሚያሳስቡትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጾሙ ራሱ ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው የሚያሰጋ አይደለም። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ጎመንና ተልባ የሚገኙበት የጾም ማዕድ በአሰርና በፕሮቲን የበለጸገ ነው። ችግር የሚያስከትለው ከዚህ ማዕድ ወደ ቅባት የበዛበት ምግብ በአንድ ሌሊት መሸጋገሩ ነው። ቅባት በጨጓራ ውስጥ ከሌሎች ምግቦች የበለጠ ይቆያል። የሐሞት ከረጢትም ቅባቱን ለመፍጨት የሚረዳውን ሐሞት ለማፍሰስ በኃይል ይኮማተራል። በዚህ ጊዜ ሳይታወቅ የኖረ የሐሞት ጠጠር ካለ መተላለፊያውን ሊዘጋና ከቀኝ ጎድን ሥር የሚጀምር ብርቱ ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል። ወተትን በተመለከተም፣ ብዙ አዋቂዎች በወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ የተባለ ስኳር የመፍጨት አቅማቸው አነስተኛ በመሆኑ፣ ለሁለት ወር ገደማ ወተት ሳይቀምሱ ቆይተው በአንድ ጊዜ ብዙ ሲጠጡ ሆዳቸው ይነፋል፣ ተቅማጥም ይይዛቸዋል። እርጎና አይብ በዚህ ረገድ ይሻላሉ።

ሰዓቱም የራሱ ድርሻ አለው። ጾሙ የሚፈታው ሌሊት ላይ በመሆኑ ብዙዎች ጠግበው ከበሉ በኋላ ወዲያው ይተኛሉ። ሙሉ ሆድ ይዞ ጋደም ማለት የጨጓራ አሲድ ወደ ጉሮሮ እንዲመለስ ስለሚያደርግ፣ ቃርና የደረት ማቃጠል የሚያስቸግራቸው ሰዎች ሌሊቱን ሲሰቃዩ ያድራሉ። በሌሊቱ ጥቂት ቀምሶ ዋናውን ምግብ ለቀኑ ማቆየት፣ ከበሉም በኋላ ከመተኛት በፊት ሁለትና ሦስት ሰዓት መቆየት ይመከራል። በአንዳንድ አካባቢዎች ጾሙን በተልባ የመግደፍ ልማድ ነበር፤ አሁንም አልጠፋም። የተልባ ልጋግ ለጉሮሮና ለሆድ የሚለሰልስ በመሆኑ አያቶች ያቆዩት ይህ ልማድ ቢቀጥል የሚጠቅም እንጂ የሚጎዳ አይሆንም።

በፋሲካ ሰሞን ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን የጥሬ ሥጋ ጉዳይ ነው። የኮሶ ትል እጭ በከብት ሥጋ ውስጥ እንደ ሩዝ ፍሬ ባለ ነጭ ከረጢት ተሸፍኖ ይኖራል። ሰው ይህን ሥጋ በጥሬው ሲመገብ እጩ በአንጀቱ ተጣብቆ ያድግና ርዝመቱ በርካታ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ትሉ ለማደግ ሦስት ወር ገደማ ስለሚወስድ በፋሲካ ቁርጥ የበላ ሰው ምልክቱን የሚያየው ክረምት ከገባ በኋላ ነው። በዚህም የተነሳ ሕመሙን ከበዓሉ ገበታ ጋር የሚያያይዘው ጥቂት ሰው ነው።

ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ ሰናፍጭና ሎሚ፣ ከሥጋው ጋር የሚጠጣው አረቄም ቢሆን ይህን እጭ አይገድሉትም። ይህ እምነት በብዙ ቤት ሥር የሰደደ ቢሆንም መሠረት የለውም። እጩን የሚገድለው በቂ ሙቀት ወይም በቂ ቅዝቃዜ ነው። ሙዳ ሥጋ ውስጡ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የተከተፈ ሥጋ ደግሞ 71 ዲግሪ እስኪደርስ መብሰል አለበት። ለብለብ የተባለው ክትፎ ከውጭ ሞቆ ከውስጥ ጥሬ ሆኖ የሚቀርብ ከሆነ ከጥሬው ብዙም አይለይም። ሥጋን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ቢያንስ ለ10 ቀናት ማቆየትም እጩን ይገድላል፤ ሆኖም ሌሎች ጀርሞችን ስለማያጠፋ የማብሰልን ቦታ አይተካም።

በቄራ የሚታረድ ከብት ከዕርድ በፊትና በኋላ በባለሙያ ይመረመራል፤ ሥጋውም ማህተም ይደረግበታል። በየሰፈሩ በቅርጫ የሚታረደው በሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን ምርመራ አያገኝም። ቅርጫ ጎረቤትን በአንድ የሚያሰባስብ፣ የበዓሉን ወጪም የሚያቃልል መልካም ልማድ በመሆኑ ይቅር ማለት አይቻልም፤ ከተጫራቾቹ በሚዋጣው ገንዘብ ላይ ጥቂት ጨምሮ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ግን ይቻላል። ምርመራው ራሱ ቁጥራቸው አነስተኛ የሆኑ እጮችን ሊስት እንደሚችል መታወቅ ይኖርበታል። የታመመ ወይም ሞቶ የተገኘ ከብት ከነጭራሹ መበላት የለበትም። አባ ሰንጋ የተባለው በሽታ ዘር በመቀቀል በቀላሉ የማይጠፋ ሲሆን፣ ሥጋውን የገፈፈውንም የበላውንም ለሞት ሊዳርግ ይችላል። በጉበት ወይም በሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሲገኝም ለውሻ መጣል አይገባም። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ተውሳክ በውሻ አንጀት አድጎ ተመልሶ ሰውን ስለሚይዝ፣ አካሉ በጥልቀት መቀበር ወይም መቃጠል አለበት።

የኮሶ ትል የያዘው ሰው በጤና ተቋም በሚሰጡት እንደ ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ ባሉ መድኃኒቶች በቀላሉ ይድናል። የኮሶ ዛፍ አበባ ለዘመናት ያገለገለ ቢሆንም መጠኑ ሲበዛ ዓይንን እስከመጉዳት የሚደርስ መርዛማነት አለው፤ በተለይ ነፍሰ ጡር ሴት ልትወስደው አይገባም። መጸዳጃ ቤት መጠቀምም የሕክምናው አካል ነው፤ ከብቱ እጩን የሚያገኘው በሰው ዓይነ ምድር ከተበከለ ሣር ነውና።

ወደ ዶሮ ወጡ ስንመለስ፣ ዶሮን በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ የባለሙያ እናቶች መለያ ሆኖ ኖሯል። በዚህ ሂደት የሚረጨው ውኃ ጀርሞችን ወደ ዕቃና ወደ ሌላ ምግብ ስለሚያዳርስ፣ ሰላጣና ዳቦ ከአጠገቡ ማራቅ፣ ቢላዋውንና መክተፊያውንም በሳሙና አጥቦ ለሌላ ሥራ ማዋል ያስፈልጋል። በትልቅ ድስት የተሠራ ወጥ ቀኑን ሙሉ ለብ ብሎ ሲቀመጥ፣ ሙቀቱን ተቋቁመው የተረፉ ባክቴሪያዎች ይራባሉ። ስለዚህ የተረፈውን በትናንሽ ዕቃ አከፋፍሎ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ደግሞ በየጊዜው በደንብ ማፍላት፣ ለመመገብም የሚፈለገውን ያህል ብቻ ቀንሶ ማሞቅ ይበጃል። የተነጠረ ቅቤ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ቅባት በመሆኑ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ 120 ያህል ካሎሪ ይይዛል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች እንዲሆን የሚመክረው ጨውም በወጡ፣ በአይቡና በአዋዜው ተደራርቦ ሳይታወቅ ይታለፋል።

መጠጥን በተመለከተ ይኸው ድርጅት በአውሮፓውያኑ 2023 ለጤና ምንም ጉዳት የማያስከትል የአልኮል መጠን እንደሌለ ገልጿል። አረቄ እስከ 45 በመቶ የሚደርስ አልኮል ሊኖረው ስለሚችል ከጠላ ጋር በእኩል ብርጭቆ አይለካም። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ በየቤቱ «ለበዓል ነው» እየተባለ ለልጆች የሚቀዳው ጠጅ ግን ከሕጉ ዓይን ውጭ ሆኖ ቆይቷል።

የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የኩላሊትና የሪህ ሕሙማን በእነዚህ ቀናት ከሌላው የበለጠ መጠንቀቅ ይኖርባቸዋል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በጾሙ ወቅት መጠኑ ተቀንሶለት ከሆነ፣ ጾሙ ከመፈታቱ በፊት ሐኪሙን ማማከር ያስፈልገዋል። ምግብ ሳይበላ አልኮል ቢጠጣ ደግሞ የደሙ ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል፤ መንቀጥቀጡና መንተባተቡም እንደ ስካር ተቆጥሮ ሊታለፍ ይችላል። እንግዳ ተቀባይነት በባህላችን የከበረ ቢሆንም፣ የስኳር ሕመምተኛን «አንድ ጉርሻ በሞቴ» እያሉ ማስጨነቅ ለእርሱ ማሰብ አይደለም።

ፋሲካ ከሌሎች በዓላት የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾሙም። በመሆኑም በቀሪው ዓመት በሳምንት ሁለት ቀን እረፍት ያገኝ የነበረው ሰውነት ለሰባት ሳምንታት ያለ እረፍት የፍስክ ምግብ ይቀበላል። ክብደት የሚጨምረውም አብዛኛውን ጊዜ በበዓሉ ዕለት ሳይሆን በእነዚህ ሳምንታት ነው። ሽሮን፣ ምስርንና ጎመንን ከፍስኩ ጎን ማቅረብ የቤተ ክርስቲያኒቱን ሥርዓት የሚነካ ባለመሆኑ፣ የጾሙን ሰሞን ምግብ ከገበታው ሙሉ በሙሉ ማስወጣት አያስፈልግም።

ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ወደ ጀርባ የሚሰማ ብርቱ የላይኛው ሆድ ሕመም፣ የደረት መጨነቅ ወይም የዓይን ቢጫ መሆን የታየበት ሰው በዓሉ እስኪያልፍ ሳይጠብቅ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ሕፃናትና አረጋውያን በተቅማጥ ፈሳሽ ቶሎ ስለሚያልቅባቸው፣ በመንገድ ላይ ሳሉም በንጹህ ውኃ የተበጠበጠ ኦ አር ኤስ በጥቂት በጥቂቱ ሊሰጣቸው ይገባል።