ከጥግ የሚታወቅ ሽፋን



አንድን መጽሐፍ ለመለየት ምን ያህሉን ማየት ይበቃል? ብዙዎቻችን ርእሱን ወይም የደራሲውን ስም እንፈልጋለን። በሥዕል ታሪክ የሚነገርባቸውን መጽሔቶች፣ በተለምዶ «ኮሚክ» የሚባሉትን፣ የሚወዱ ወጣቶች ግን ከዚህ ያነሰ ይበቃቸዋል። ሽፋኑ በእጅ ተከድኖ አንድ ጥግ ብቻ ቢታያቸው የየትኛው አሳታሚ፣ የየትኛው ዘመን፣ አንዳንዴም ስንተኛው ቁጥር እንደሆነ ይናገራሉ። በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ አፍቃሪዎች ይህን እንደ ጨዋታ ይዘውታል። እኛም ይህ ችሎታ በምን እንደሚሠራና ለቤተሰቦቻችን ምን ሊጠቅም እንደሚችል በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

ነገሩ ለላምበረት ልጅ እንግዳ አይደለም። በካራ በኩል ቁልቁል የሚመጣውን አውቶቡስ ጽሑፉ ሳይነበብ በቀለሙና በግንባሩ ቅርጽ ብቻ የማን እንደሆነ የሚናገር ልጅ በመናኸሪያው አካባቢ አይጠፋም። ዓይን ደጋግሞ የተመለከተውን ነገር ለማወቅ ሙሉውን አይጠይቅም፤ ቁራጩ ይበቃዋል።

ጥጉ ምን ይናገራል?

ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልን በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ፍንጭ ዋጋ ነው። የአሜሪካ ኮሚክ ለረጅም ዘመን በ10 ሳንቲም ሲሸጥ ቆይቶ በ1961 እና በ1962 ወደ 12 ሳንቲም ከፍ አለ። ስለዚህ በሽፋኑ ጥግ «12» የሚለውን ያየ ሰው መጽሔቱ የ1960ዎቹ መሆኑን ወዲያው ይገምታል።

ሁለተኛው የአሳታሚው ምልክት ነው። ማርቬል የተባለው አሳታሚ ከ1963 ጀምሮ በሽፋኑ ግራ ራስጌ ላይ የባለታሪኩን ትንሽ ምስል የያዘ ሳጥን ማስቀመጥ ጀመረ። ምክንያቱ የገበያ ነበር። መጽሔቶች በመደርደሪያ ላይ ተደራርበው ሲቀመጡ ለገዢው የሚታየው የግራው ጠርዝ ነው። ተፎካካሪው ዲሲ ደግሞ በ1966 እና በ1967 በመጽሔቶቹ ራስጌ ላይ እንደ ዳማ ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ የሆነ መስመር አወጣ። ዛሬ ይህን መስመር ያየ አፍቃሪ ዘመኑን ለመናገር ሌላ ምስክር አይፈልግም።

ሦስተኛው ፍንጭ ለወላጆች ትርጉም ያለው ነው። በ1954 የአሜሪካ ወላጆችና ምሁራን ስለ ወንጀልና ስለ አስፈሪ ሥዕሎች ባሰሙት አቤቱታ የተነሣ በአገሪቱ ሴኔት ምርመራ ተካሄደ። አሳታሚዎቹም በዚያው ዓመት የራሳቸውን የቁጥጥር ደንብ አወጡ። ደንቡን ያለፈ መጽሔት በሽፋኑ ላይ የፖስታ ቴምብር የሚመስል ትንሽ ማኅተም ይታተምበት ጀመር። ማርቬል በ2001፣ ዲሲ በ2011 ማኅተሙን ተዉት። ስለዚህ የማኅተሙ መኖር አንድ ነገር ሲናገር፣ አለመኖሩም ሌላ ነገር ይናገራል።

የጀርባው ሽፋንም ዝም አይልም። በ1929 የተጀመረው የቤልጅጉ «ቲንቲን» በጀርባው ላይ እስከዚያ ድረስ የታተሙትን ርእሶች ይዘረዝራል። በ1976 የወጣው ርእስ በዝርዝሩ ውስጥ ከተገኘ መጽሐፉ ከዚያ ዓመት በፊት ሊታተም አይችልም። ይህ ፍንጭ ትንሽ ማሰብ ለሚችል ልጅ ሁሉ ክፍት ነው።

በአገራችንም ይህ ሥራ ተጀምሯል። ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» የተባለውን ኮሚክ በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ ቀጥሎም «ሃዊ» የተባለች ባለታሪክ አስተዋወቀ። የመጀመሪያዎቹን ዕትሞች ዛሬ በንጽሕና ያስቀመጠና ምልክታቸውን የመዘገበ ወጣት ነገ ለታሪኩ ምስክር ይሆናል።

ማወቅ ከመታለል ያድናል

ይህ ሁሉ ጨዋታ ብቻ ነውን? አይደለም። ሱፐርማን መጀመሪያ የታየበት የ1938 መጽሔት ሽፋን አረንጓዴ መኪና በሁለት እጁ ወደ ላይ ያነሣ ሰው ያሳያል። ዛሬ በሚሊዮን ዶላር የሚሸጥ ነው። አሳታሚው ራሱ በ1974 ይህንኑ መጽሔት በትልቅ መጠን ደግሞ አሳተመው፤ ቅጂ መሆኑን የሚገልጽ የውጭ ሽፋንም አደረገለት። አንዳንድ ሰዎች የውጭውን ሽፋን ገፈው ቅጂውን እንደ ዋናው ሸጡ። ሥዕሉን ብቻ ያየ ገዢ ተታለለ። መጠኑን ያስተዋለ ግን ዳነ፣ ቅጂው ከዋናው በጣም ይሰፋልና። በንግድ ማጭበርበር በዲናችን ምን ያህል የተወገዘ እንደሆነ የማያውቅ የለም። የሚያስተውል ዓይን ደግሞ ለአጭበርባሪ በር አይከፍትም።

ስማቸው የጠፋ ኪታቦች

«ልጄ፣ ይህ ጨዋታ ለትምህርትህ ምን ይረባል?» የሚሉ አባቶች ይኖራሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ደግሞ ከላምበረት ወደ ደሴ በሚሄደው አውቶቡስ ሊገኝ ይችላል። በወሎ፣ በሐረር፣ በጅማ በብዙ ቤቶች ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ኪታብ አለ። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጹ የጠፋ በመሆኑ «የምን እንደሆነ አይታወቅም» ተብሎ በአቧራ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሲብስም ለመጣ ገዢ በጥቂት ብር ይሰጣል። ስሙ የማይታወቅ ቅርስ የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነው።

በኮሚክ ሽፋን የሠለጠነ ዓይን እዚህ ላይ ሥራ አለው። ከኋላው ሽፋን ተነሥቶ የገጾቹን ጠርዝ የሚከድን ታጣፊ ቆዳ የእስላማዊ አደጓጎስ ምልክት ነው። በቀኙ ገጽ ግርጌ ለብቻዋ የተጻፈች ቃል የሚቀጥለው ገጽ መጀመሪያ ናት፤ የተዘበራረቁ ገጾች በእርሷ ይደረደራሉ። ወረቀቱ በቀስታ ወደ ብርሃን ሲያዝ ሦስት ጨረቃ ከታየበት፣ ከጣልያን አገር ለምሥራቅ ገበያ ይላክ የነበረ ወረቀት ነው። በኅዳግ ላይ ያለች አጭር የወቅፍ ጽሑፍ የባለቤቱን ስም ልትነግረን ትችላለች። ፊደሉ ዐረብኛ ሆኖ ቋንቋው አማርኛ ከሆነ ደግሞ በወሎ ዑለሞች ዘንድ የታወቀው የዐጀም ጽሑፍ ነው።

ይህ ባዶ ተስፋ አይደለም። በሐረር የተጻፈና ዛሬ በኻሊሊ ስብስብ የሚገኝ በ1749 የተጠናቀቀ ቁርኣን አለ። ተመራማሪዎች የፊደሉን አጣጣል በሕንድ አገር ቢሃሪ ከሚባለው አጻጻፍ ጋር አስተያይተው ሐረር በሕንድ ውቅያኖስ በኩል የነበራትን ትስስር አሳይተዋል። ከፊደል ቅርጽ የከተማ ታሪክ ወጣ ማለት ነው። በዚያችው ከተማ ዐብዱላሂ ዐሊ ሸሪፍ ከየቤቱ የሰበሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች በስማቸው በተሰየመው ሙዚየም ይገኛሉ፤ የተጎዱትንም የመደጎስና የመጠገን ሥራ ተሠርቶላቸዋል።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ለበዓል ወደ አያቶቻችሁ አገር ስትሄዱ ኪታቡን እንዲያሳዩአችሁ በአክብሮት ጠይቁ። ውዱእ አድርጋችሁ፣ እጃችሁን አድርቃችሁ ያዙት። ገጹን አትጎትቱ፣ በማጣበቂያ ፕላስተር አትለጥፉ፣ አዲስ ሽፋን አታልብሱት። ሽፋኑን፣ ግርጌውን፣ ኅዳጉን በስልካችሁ ፎቶ አንሡና ለሚያውቅ ዓሊም ወይም ለቅርስ ባለሙያ አሳዩ። ወላጆችም ልጆቻችሁን ከሥዕል መጽሔታቸው ጋር ከመጣላት ይልቅ ይህን ኃላፊነት ስጧቸው። «እማዬ፣ ዓመተ ሂጅራውን አገኘሁት» የሚል ድምፅ በቤታችሁ ቢሰማ ምንኛ ደስ ይላል! ኪታቡን ግን ለማንም አትሽጡ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። ከሕጉ በላይም የአያቶቻችን አማና ነው።

አላህ ያስተማሩንን አባቶች ይማርልን፣ አማናቸውንም የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።